ሳይቃጠል በቅጠል፦ የማሽንን ብልሽት አስቀድሞ የሚለየው ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የአል ዳፍራ በረሃ ትምህርት

ከአቡዳቢ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመዲናት ዛይድ አቅራቢያ፣ 2 ነጥብ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን የበረሃ ሜዳ ላይ 258 ሺህ 48 መስተዋቶች ከማለዳ እስከ ምሽት ፀሐይን ተከትለው ይዞራሉ። ከእነዚህ መስተዋቶች አንዱ ቢሰነጠቅ፣ ወይም ሙቀቱን ከሚቀበሉት ቱቦዎች አንዱ ውስጥ ውስጡን ቢጎዳ ማመንጫው ሥራውን አያቆምም፤ የሚያመነጨው ኃይል ግን በዓይን በማይታይ መጠን ይቀንሳል። አንዱ አሥር፣ አሥሩ መቶ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ የሚቆጠር ይሆናል። ሻምስ 1 በተሰኘው በዚህ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚነሣው ጥያቄ፣ ማለትም የታመመውን ከጤነኛው ማን፣ መቼና እንዴት ይለየው የሚለው፣ በዛሬው ጊዜ የምሕንድስና ተመራማሪዎች ከተጠመዱባቸው ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ግዙፍ የኃይል፣ የውኃና የነዳጅ መሠረተ ልማቶችን በተከታታይ ገንብታለች። ግንባታው ሲጠናቀቅ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በተመዘገበበት፣ አቧራና የባሕር ዳርቻ እርጥበት በሚፈራረቁበት ምድር የተተከለን ማሽን ለ30 እና ለ40 ዓመታት በጤና ማቆየት፣ ማሽኑን ከመትከል የማይተናነስ ፈተና ነው። ለዚህ ፈተና መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ዘርፍ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በመጠቀም ብልሽትን በራስ ሰር የመለየት ምርምር ነው። ተስፋው ትልቅ ነው፤ ሆኖም ዘርፉ እስካሁን ያስመዘገበውን ውጤትና ያልፈታቸውን ችግሮች ለይቶ ማየት፣ ቴክኖሎጂውን ለሚገዙትም ሆነ ለሚያመርቱት አገሮች አስፈላጊ ነው።

ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ሕመም

ሻምስ 1 እ.ኤ.አ በማርች 2013 ሲመረቅ 100 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ማስዳር ከፈረንሳዩ ቶታልና ከስፔኑ አቤንጎዋ ጋር በመሆን በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገነባው ይህ ማመንጫ፣ የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ አይለውጥም። መስተዋቶቹ በ768 ረጃጅም ሰብሳቢዎች ላይ የተደረደሩ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰብሳቢ 336 መስተዋቶችን ይዟል። መስተዋቶቹ ብርሃኑን በመካከላቸው ወደሚያልፍ ቱቦ ይሰበስባሉ፤ በቱቦው ውስጥ የሚፈሰው ዘይት እስከ 400 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ተሸክሞ ውኃን በማፍላት እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎቱም በጋዝ በሚሠራ ማሞቂያ ከ380 ወደ 540 ዲግሪ ከፍ ካለ በኋላ ተርባይኑን ያንቀሳቅሳል።

የዚህ ሥርዓት እጅግ ስስ ክፍል 27 ሺህ 648ቱ ሙቀት ተቀባይ ቱቦዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቱቦ ውስጡ ብረት፣ ውጩ መስታወት ሆኖ በሁለቱ መካከል አየር የተመጠጠለት ባዶ ክፍተት አለ። ይህ ባዶነት ልክ እንደ ፔርሙዝ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ይጠብቃል። ዘይቱ ባረጀ ቁጥር ግን ሃይድሮጅን ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም በብረቱ ውስጥ ሾልኮ ወደ ባዶው ክፍተት ይገባል። ያን ጊዜ ሙቀቱ ማምለጥ ይጀምራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ቱቦው አልተሰበረም፣ አልፈሰሰም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። ጉዳቱን የሚያሳየው የሙቀት ጨረርን የሚያነብ ካሜራ ብቻ ነው።

በዚህ ዘርፍ የተሠማሩ ተመራማሪዎች የሙቀት ካሜራ የተገጠመላቸውን ድሮኖች በእንዲህ ያሉ ማመንጫዎች ላይ በማብረር፣ ከሚሰበሰቡት ምስሎች መካከል የታመሙትን ቱቦዎች ለይቶ የሚያወጣ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያበለጽጉ ቆይተዋል። በእግር እየተጓዘ በየቱቦው ላይ መሣሪያ የሚደግን ባለሙያ ሳምንታት የሚፈጅበትን ሥራ፣ ድሮኑ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ከምስሉ በስተጀርባ ያለው ፍርድ ግን ቀላል አይደለም። የአንድ ረድፍ ሰብሳቢ የሙቀት ምርት ሲቀንስ ምክንያቱ የተከማቸ አቧራ፣ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ ነፋስ ያዛነፈው ሰብሳቢ፣ ጋዝ የገባበት ቱቦ ወይም ራሱ የተበላሸ የሙቀት መለኪያ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት የወባም፣ የታይፎይድም፣ የሌላም በሽታ ምልክት እንደሚሆን ሁሉ፣ የማሽንም ምልክት አንድ ሆኖ መንስኤው ብዙ ነው። ብልሽት መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ መለየት ደግሞ ሌላ ነው። አቧራ ከሆነ ማጠብ ይበቃል፤ ቱቦ ከሆነ ግን መስመሩን ዘግቶ መለወጥን ይጠይቃል።

የችግሩ ስፋት ከሻምስ 1 ወዲህ በእጅጉ አድጓል። በአቡዳቢና በአል ዐይን መካከል በስዌይሃን የሚገኘውና እ.ኤ.አ በ2019 ሥራ የጀመረው ኑር አቡዳቢ 1 ሺህ 177 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን የፀሐይ ሰሌዳዎች አሉት፤ ሰሌዳዎቹንም ያለ ውኃ የሚያጸዱ ሮቦቶች ተመድበውለታል። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2023 የተመረቀው 2 ጊጋ ዋት የሚያመነጨው የአል ዳፍራ ማመንጫ ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰሌዳዎችን ይዟል። ማስዳርና የኤምሬትስ የውኃና ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2025 ይፋ ያደረጉት ዕቅድ 5 ነጥብ 2 ጊጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫን ከ19 ጊጋ ዋት ሰዓት የባትሪ ማከማቻ ጋር በማጣመር ሌት ተቀን 1 ጊጋ ዋት ለማቅረብ ያለመ ነው። ሰባት ሚሊዮን ሰሌዳን አንድ በአንድ የሚመረምር የሰው ኃይል የለም፤ ስለዚህ በዚህ መጠን ለተሠራ ሥርዓት አውቶማቲክ ምርመራ ያለ እርሱ የማይሠራበት የሥራ አካል ሆኗል።

ከመካኒኩ ጆሮ እስከ ኮምፒውተሩ

ብልሽትን በምልክት ማወቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። የካቻቢቴውን ጫፍ በሚሠራ ሞተር ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ በማስደገፍ ድምፁን የሚያዳምጥ መካኒክ በየጋራዡ ይገኛል። ይህ ልማድ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። በደቂቃ 1 ሺህ 500 ጊዜ የሚዞር ማሽን በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ስምንት ብይ ቢኖረውና የውጩ ቀለበት ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቢፈጠር፣ ብዮቹ በስንጥቁ ላይ ባለፉ ቁጥር ይመቱታል፤ የምቱም ብዛት በሰከንድ ወደ 80 ይደርሳል። የውስጡ ቀለበት ቢሰነጠቅ ግን የምቱ ብዛት ይለያል። ልምድ ያለው ጆሮ ይህን ልዩነት በስሜት ይለየዋል፤ የንዝረት መለኪያ ደግሞ በቁጥር ያሰፍረዋል።

ምርምሩ ራሱን የቻለ መስክ ሆኖ የወጣው ካለፈው ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ዓመታት ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠሩ ጥናቶች፣ ጤነኛው ማሽን እንዴት መሥራት እንዳለበት በሒሳብ ቀመር አስቀድሞ በማስላት፣ ስሌቱን ከትክክለኛው ንባብ ጋር የማነጻጸርን ስልት አስተዋወቁ። ልዩነቱ ከመጠን ሲያልፍ ብልሽት አለ ማለት ነው። በሰማንያዎቹ የባለሙያዎችን ዕውቀት «ይህ ከሆነ ያ ነው» በሚል ሕግ መልክ የያዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች መጡ፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የናፍጣ ባቡር ሞተሮችን ብልሽት ለመለየት ያዘጋጀው ሥርዓት ከእነዚህ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ በ1987 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ምርመራን በሥነ አመክንዮ ላይ አቆሙት። እ.ኤ.አ በሜይ 1999 ደግሞ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ፣ ዲፕ ስፔስ 1 በተባለችው መንኮራኩር ላይ የተጫነ ሥርዓት ለሙከራ የተፈጠሩ ብልሽቶችን ያለ ሰው ርዳታ ለይቶ እንዲያርም አደረገ።

በአሁኑ ወቅት ያለው ለውጥ የመጣው በማሽን ትምህርት ነው። የቀደሙት ስልቶች ሕጉን ከሰው ይቀበሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሥርዓቶች ግን ሕጉን ራሳቸው ከመረጃ ያወጣሉ። ለረጅም ጊዜ የተመዘገበ የንዝረት፣ የሙቀት፣ የግፊትና የኤሌክትሪክ ንባብ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም የጤናን መልክ ተምረው ከዚያ የሚያፈነግጠውን ያመለክታሉ። በርካታ ሴንሰሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈጠርን ጥቃቅን ለውጥ፣ አንዱም ለብቻው የማንቂያ መጠን ላይ ሳይደርስ፣ አገናኝቶ ማየት መቻላቸው ዋነኛ ብርታታቸው ነው።

አንድ ፓምፕ ሲቆም

በአል ዳፍራ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ተጠቃሚ የነዳጅና የጋዝ ዘርፉ ነው። የአቡዳቢ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ አድኖክ፣ የቅርንጫፍ ኩባንያዎቹን መረጃ በአንድ ማዕከል የሚያሰባስብ ፓኖራማ የተሰኘ የዲጂታል ማዘዣ ጣቢያ አለው። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2019 ከአሜሪካው ሀኒዌል ጋር የተስማማበት የአሥር ዓመት ፕሮጀክት ደግሞ እስከ 2 ሺህ 500 የሚደርሱ ወሳኝ ተሽከርካሪ ማሽኖችን፣ ማለትም ተርባይኖችን፣ ኮምፕረሰሮችንና ፓምፖችን ከአንድ ቦታ ሆኖ ለመከታተልና ብልሽታቸውን አስቀድሞ ለመተንበይ ያለመ ነበር። ኩባንያው ከቴክኖሎጂ ተቋሙ ኤአይኪው ጋር ያበለጸገው ኒውሮን 5 የተባለ ሥርዓት ያልታቀዱ የሥራ መቋረጦችን በ50 በመቶ መቀነሱንም አስታውቋል። እነዚህ አኃዞች ተቋሙ ራሱ ያወጣቸው በመሆናቸው ሙሉ ክብደታቸው የሚታወቀው በገለልተኛ ጥናት ሲመዘኑ ነው፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

አንድ ማሽን ሲቆም ጉዳቱ በዚያ ማሽን አያበቃም። ከአል ዳፍራ የጋዝ ማቀነባበሪያዎች አንዱ የሆነው ሀብሻን ሲስተጓጎል ከእርሱ በታች ያሉ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች ይነካሉ። በአገሪቱ የመጠጥ ውኃ አቅርቦት ከባሕር ውኃ ማጣሪያዎች ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነው። በቀን 909 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የማጣራት አቅም ያለው የታዊላህ ጣቢያ ውኃውን በከፍተኛ ግፊት በሚገፉ ፓምፖች ላይ የቆመ ነው። የኩሽኔታ ስንጥቅ ቀድሞ ተለይቶ በታቀደ ቀን ቢለወጥ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ሳይታወቅ ቀርቶ ማሽኑን ከነዘንጉ ቢሰብረው ግን የሳምንታት መቋረጥ ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለጥገና መሐንዲስ የሒሳብ መዝገብ ላይ የሚታይ እውነት ነው።

ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ሲያታልል

ይሁን እንጂ በምርምር ጽሑፎች የሚነበበውና በሜዳው የሚታየው ውጤት ብዙ ጊዜ አይገናኝም። በኩሽኔታ ብልሽት ላይ የሚታተሙ በርካታ ጥናቶች ከ99 በመቶ በላይ ትክክለኛነት ያስመዘገቡ መሆናቸውን ይገልጻሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚጠቀሙት በላቦራቶሪ የተሰበሰቡ ጥቂት የታወቁ የመረጃ ስብስቦችን ነው። በእነዚህ ስብስቦች ብልሽቱ ሆን ተብሎ በመሣሪያ የተቀረጸ፣ ፍጥነቱ የተወሰነ፣ አካባቢውም ጸጥ ያለ ነው። አንዳንዴም ሥርዓቱ የተማረበትና የተፈተነበት መረጃ ከአንድ ቀረጻ የተቆራረጠ ይሆናል፤ ይህም ተማሪን አስቀድሞ ባየው ጥያቄ እንደመፈተን ነው። ያው ሥርዓት ወደ በረሃ ተወስዶ ፍጥነቱ በሚለዋወጥ፣ አጠገቡ ሌላ ማሽን በሚንቀጠቀጥበት ፓምፕ ላይ ሲገጠም ውጤቱ ይወርዳል።

ትክክለኛነቱ በሜዳው እንዳለ ቢቆይ እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ ይህንንም በመዲናት ዛይድ መስተዋቶች ቁጥር ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ258 ሺህ 48 መስተዋቶች መካከል 100ዎቹ ተሰብረዋል እንበል። የምርመራው ሥርዓት ከተሰበሩት 99ኙን ያገኛል፤ ጤነኞቹን በተመለከተም የሚሳሳተው በመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንበል። ከ257 ሺህ 948 ጤነኛ መስተዋቶች አንድ በመቶው 2 ሺህ 579 ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓቱ በጠቅላላው 2 ሺህ 678 ማስጠንቀቂያዎችን ያወጣል፤ ከእነዚህ እውነተኞቹ 99 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ አራት የማይሞሉ ናቸው። በፀሐይ ንዳድ ውስጥ ከረድፍ ረድፍ እየተዘዋወረ ማስጠንቀቂያውን የሚያጣራው ባለሙያ፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ያህል በከንቱ ተጉዞ አንድ ጊዜ እውነተኛ ስብራት ያገኛል ማለት ነው። ብልሽት ብርቅ በሆነበት ቦታ ሁሉ ይህ ስሌት ይሠራል።

የከንቱ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የሚለካው በባከነ ጊዜ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በጁላይ 1994 በብሪታኒያ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ውስጥ፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች 275 ማንቂያዎችን ማስተናገድ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ በ1979 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ በደረሰው አደጋም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመቶ በላይ ማንቂያዎች በአንድነት ጮኸዋል። በሁለቱም ስፍራ መረጃ አልጎደለም፤ የጎደለው ከመረጃው ውስጥ ዋናውን ነጥሎ የሚያሳይ ነበር። ሰው በተደጋጋሚ ከዋሸው ማንቂያ ጆሮውን ይመልሳል፤ እውነተኛው ማንቂያ ሲጮኽም አይሰማም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማንቂያዎችን የሚያበዛ ሳይሆን የሚያጣራና በቅደም ተከተል የሚያቀርብ መሆን እንዳለበት የዘርፉ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሴንሰሩ ራሱ ሲሳሳት

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የከበደው ትምህርት የተገኘው ከአየር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት እንዳመለከተው፣ የአውሮፕላኑ ክንፍ አየሩን የሚገናኝበትን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው 74 ነጥብ 5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ ከ15 ነጥብ 3 ዲግሪ አላለፈም። ልዩነቱ ወደ 59 ዲግሪ ይጠጋል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚያዘነብለው ሥርዓት ግን የሚያዳምጠው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ የደረሰውን ተመሳሳይ አደጋ ጨምሮ በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ሞተዋል።

ያ ሥርዓት ዛሬ በምንለው ትርጉም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም። ያስተማረው ነገር ግን በቀጥታ ይመለከተዋል፦ በሴንሰር ንባብ ላይ ተመሥርቶ የሚወስን ማንኛውም ማሽን ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ሴንሰሩ ራሱ ጤነኛ ነው ወይ የሚለውን ነው። ከአደጋዎቹ በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ሥርዓቱ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያነጻጽርና ልዩነታቸው 5 ነጥብ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን እንዳይንቀሳቀስ ተደርጓል። ሁለት ምስክሮችን አቅርቦ ቃላቸውን ማነጻጸር በብልሽት ምርመራ ሳይንስ ከጥንቱ የታወቀ መርሕ ነበር። ሁለት ሴንሰሮች ሲለያዩ አንዱ መሳሳቱ ይታወቃል፤ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ሦስተኛ ምስክር፣ ወይም ማሽኑ በተፈጥሮ ሕግ ሊኖረው የሚችለውን ንባብ የሚያሰላ ቀመር ያስፈልጋል።

የምርምሩ ቀጣይ ጥያቄዎች

ለዚህ ምርምር በአቡዳቢና በአል ዐይን ያለው ተቋማዊ መሠረት ቀላል አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2017 ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሚኒስትር ዴኤታ ሾማለች። በዚያው ዓመት የማስዳር ኢንስቲትዩት፣ የነዳጅ ኢንስቲትዩትና የቀድሞው ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ተዋሕደው የዛሬው ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል፤ ውሕደቱም የታዳሽ ኃይል፣ የነዳጅና የቴክኖሎጂ ዕውቀትን በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። በማስዳር ከተማ የሚገኘው የሞሐመድ ቢን ዛይድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ሆኗል። በአል ዐይን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1976 የተቋቋመው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲና ለኤርባስና ለቦይንግ የአውሮፕላን አካላትን የሚያመርተው የስትራታ ፋብሪካ ይገኛሉ። ማሽኖቹና ተመራማሪዎቹ በጥቂት ሰዓታት የመኪና ጉዞ ውስጥ መገኘታቸው፣ በላቦራቶሪና በሜዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለማጥበብ መልካም አጋጣሚ ነው።

ከፊታቸው ያሉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የብልሽት መረጃ እጥረት ነው። በሚገባ የተጠበቀ ማሽን ብዙ አይበላሽም፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲታመም ምን እንደሚመስል የሚያስተምር ምሳሌ ይጠፋል። በአል ዳፍራ በሚገኘው የባራካ የኒውክሌር ጣቢያ ይህ ሁኔታ ጫፍ ላይ ደርሶ ይታያል። አራቱ ክፍሎቹ በድምሩ 5 ሺህ 600 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትና የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍላጎት እስከ 25 በመቶ የሚሸፍኑት እነዚህ ማብላያዎች፣ ከከባድ ብልሽት እንዲማሩ ሊጠበቅ አይችልም፤ መከሰትም የለበትም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ትምህርቱ የሚገኘው የማሽኑን ባሕርይ በኮምፒውተር በሚመስል ስሌት ብልሽትን በመፍጠር ነው። የፊዚክስን ሕግ ከመረጃ ትምህርት ጋር የሚያዋሕዱ ስልቶች በአሁኑ ወቅት ትኩረት የሳቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የማብራሪያ ጥያቄ ነው። «ይህን ኮምፕረሰር አቁሙ» የሚል ምክር ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ትእዛዝ ነው። ሥርዓቱ ወደዚያ ድምዳሜ ያደረሰውን ምልክት፣ የትኛው ሴንሰር ከመቼ ጀምሮ ምን ያህል እንደተለወጠ ማሳየት ካልቻለ ተረኛው መሐንዲስ ምክሩን ለመቀበልም ሆነ ለመጣል መነሻ አይኖረውም። ሦስተኛው የኃላፊነት ጥያቄ ነው። ሥርዓቱ ጤነኛ ነው ያለው ማሽን ቢፈነዳ፣ ወይም ታሟል ያለው ማሽን ያለ ምክንያት ቢቆም ተጠያቂው ማን ነው? ሶፍትዌሩን የሠራው፣ የገዛው ወይስ ማስጠንቀቂያውን ያነበበው? ይህ በኮንትራትና በሕግ አስቀድሞ ካልተለየ ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው በአነስተኛው ሠራተኛ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው ፋይዳ

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቅርብ ይመለከታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችን ይዞ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84፣ ሁለቱ የአዳማ ማመንጫዎች ደግሞ በድምሩ 136 የነፋስ ተርባይኖች አሏቸው። ማስዳርም በኢትዮጵያ 500 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ለማልማት ስምምነት አድርጓል። በየአንዳንዱ ተርባይን ውስጥ በአል ዳፍራ ካለው የማይለይ ኩሽኔታ፣ ዘንግና ማርሽ ይሽከረከራል።

ልዩነቱ መለዋወጫው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተፈልጎ፣ ከባሕር ማዶ ታዝዞ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ዕቃ ወራት ይፈጃል። አንድ ኩሽኔታ ከተሰበረ በኋላ ማዘዝና ሊሰበር ሦስት ወር ሲቀረው ማዘዝ፣ ለአንድ ማመንጫ የወራት ምርት ማጣትና አለማጣት ማለት ነው። በዚህ ስሌት አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ዕቃው በቅርብ ከሚገኝበት አገር ይልቅ ዕቃው ለሚርቅበት አገር የበለጠ ይጠቅማል።

ለዚህ ግን መነሻው ውድ ሶፍትዌር መግዛት አይደለም። ሥርዓቱ የሚማረው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡም የዓመታት ሥራ ነው። የትኛው ማሽን መቼ ቆመ፣ ምን ተገኘበት፣ ምን ተለወጠለት የሚለው በወረቀት ተጽፎ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀር ከሆነ የሴንሰር ንባብ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ንዝረቱ መለወጡን ያሳያል እንጂ የለውጡን ስም አይናገርም። ስም የሚሰጠው ማሽኑን የከፈተው ቴክኒሻን ነው። ከውጭ አገር አቅራቢዎች ጋር በሚደረጉ ውሎችም ከማሽኑ የሚሰበሰበው መረጃ የማን ንብረት እንደሚሆን መወሰን ይኖርበታል። ተርባይኑ በአገር ውስጥ ቆሞ የጤና ታሪኩ በሻጩ ኩባንያ እጅ ከቀረ፣ ምርመራውም ለዘለዓለም በክፍያ የሚገዛ አገልግሎት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የኃይል ተቋማት በጋራ ሊሠሩበት የሚችሉ መስክ ቢኖር ይህ ነው።

በአል ዳፍራ ያለው ልምድ እንደሚያሳየው፣ ብልሽትን የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የባለሙያውን ቦታ ከመውሰድ ይልቅ የሥራውን ጠባይ ይለውጣል። መካኒኩ ከሺህ ማሽን የትኛውን ማዳመጥ እንዳለበት ሥርዓቱ ሊጠቁመው ይችላል፤ የጠቆመው ቦታ ሄዶ ሽፋኑን የሚከፍት፣ ያየውን በትክክል የሚመዘግብና ማስጠንቀቂያው ሐሰት ከሆነ ሐሰት ነው የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል። የሥርዓቱ ቀጣይ ትምህርት የሚመሠረተውም በዚሁ ሰው ምስክርነት ላይ ነው። በመሆኑም በሚቀጥሉት ዓመታት በዘርፉ የሚደረገው ውድድር፣ ከአልጎሪዝሙ እኩል በመረጃው ጥራትና በቴክኒሻኖች ሥልጠና ላይ የሚወሰን ይሆናል።